አዲስ ሠራተኛ ሥራውን እንዲወደው፦ ከመጀመሪያው ቀን እስከ 60ኛው የሥራ ቀን

አዲስ ሠራተኛ ጉጉቱን ይዞ ነው የሚመጣው። በመጀመሪያው ጠዋት ከሁሉም ቀድሞ በር ላይ የሚቆመው እሱ ነው። ያው ሰው በሁለተኛው ወር ሰዓቱን እያየ የሚውል ከሆነ ጉጉቱ የጠፋው እዚያው ሥራ ቦታው ውስጥ ነው። የቅርብ አለቃ ዋና ሥራም ይህ ጉጉት ሥር እስኪሰድ ድረስ መንከባከብ ነው።

ይህ መመሪያ በድሬዳዋ ሰው ለሚያሠሩ ነው፦ ለመጋዘን ኃላፊዎች፣ ለፋብሪካ ሱፐርቫይዘሮች፣ ለሆቴል ተቆጣጣሪዎች፣ ከዚራ ወይም መጋላ ሱቅ ከፍተው ሁለት ሦስት ሰው ለሚያሠሩ ነጋዴዎች። ሐረር ላሉትም ስለ ሙቀቱ ከተጻፈው በቀር ሌላው ሁሉ ያገለግላል።

የጊዜ ገደቡን ከሕጉ ወስደናል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀናት እንዳይበልጥ ይደነግጋል። በሳምንት ስድስት ቀን ለሚሠራ ድርጅት ይህ አሥር ሳምንት ነው፤ አምስት ቀን ለሚሠራ አሥራ ሁለት። ብዙ አለቆች እነዚህን ቀናት ሠራተኛውን መፈተኛ ብቻ አድርገው ያዩዋቸዋል። ሠራተኛውም እኮ ድርጅቱን እየፈተነ ነው። በሙከራ ጊዜ ያለ ማስጠንቀቂያ መለያየት ለሁለቱም ወገን የተፈቀደ ስለሆነ፣ ጎበዙ ሰው ሌላ በር ሲከፈትለት ደህና ሁኑ ሳይል ሊሄድ ይችላል።

ተነሳሽነት በስብሰባ ንግግር አይመጣም። ኤድዋርድ ዴሲና ሪቻርድ ራያን የተባሉት የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ለብዙ ዓመታት ባጠኑት መሠረት ሰው ከውስጡ የሚነሳሳው ሦስት ነገር ሲያገኝ ነው፦ ሥራውን እንደሚችለው ሲያይ፣ አብረውት ካሉት ሰዎች ጋር ሲተሳሰር፣ በሥራው ላይ የራሱ ውሳኔ ሲኖረው። ለአዲስ ሰው ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው። መጀመሪያ መቻል፣ ከእሱ ጎን ለጎን ሰው ማግኘት፣ መወሰን በመጨረሻ። ሥራውን ገና ያላወቀን ሰው «እንደፈለግህ ሥራ» ማለት ነፃነት መስጠት ሳይሆን ማስጨነቅ ነው።

ከመምጣቱ ሦስት ቀን በፊት

ቦታውን ያዘጋጁ። የሚቀመጥበት ወንበር ወይም የሚሠራበት ማሽን፣ ዕቃውን የሚያስቀምጥበት ሳጥን፣ በልኩ የተገዛ የሥራ ልብስና ጫማ፣ መታወቂያ፣ መሣሪያ፤ ሁሉም ከእሱ ቀድመው መገኘት አለባቸው። የሥራ ልብስ «በሚቀጥለው ወር ይመጣል» ከተባለ ሰውየው ያን ወር በሙሉ እንግዳ መስሎ ይውላል፤ ደንበኛውም ባልደረባውም እንደ እንግዳ ያየዋል።

ስልክ ይደውሉለትና አምስት ነገር ይንገሩት፦ በስንት ሰዓት እንደሚመጣ፣ በየትኛው በር እንደሚገባ፣ ማንን ብሎ እንደሚጠይቅ፣ ምን ለብሶ እንደሚመጣ፣ ምሳ እዚያ ይገኝ እንደሆነ ወይም ቋጥሮ ይምጣ። መልካ ጀብዱ አቅጣጫ ላሉ ፋብሪካዎች ስድስተኛ ነገር ይጨመራል፤ ሰርቪሱ ከየት ሰፈር፣ ከየትኛው ጥግ፣ በስንት ሰዓት ከስንት ደቂቃ እንደሚያነሳ። ሰርቪስ አምልጦት በባጃጅ የመጣ አዲስ ሰው የመጀመሪያ ቀኑን አርፍዶና ከኪሱ ከፍሎ ይጀምራል።

የሥራውን አስቸጋሪ ጎን ሳይደብቁ ይንገሩ። «ስምንት ሰዓት ቆሞ መዋል አለው፤ ከሰዓት መጋዘኑ ይሞቃል፤ ቅዳሜም እንሠራለን።» ይህን ሰምቶ የቀረ ሰው ቢመጣም ኖሮ በሁለተኛው ሳምንት ይቀር ነበር። ሰምቶ የመጣው ግን ድካሙ ሲደርስበት «አልነገሩኝም» አይልም፤ የነገሩትን ሌላውንም ነገር ያምናል።

ውሉን በጽሑፍ ያዘጋጁ። የሙከራ ጊዜ በጽሑፍ ካልሰፈረ በሕግ ፊት አይቆምም። ውሉ በጽሑፍ ካልተደረገ ደግሞ አሠሪው የሥራውን ዓይነት፣ ደመወዙንና ሌሎቹን ዝርዝሮች የያዘ የተፈረመ ወረቀት በ15 ቀን ውስጥ ለሠራተኛው የመስጠት ግዴታ አለበት። ወረቀቱን ሠራተኛው በሚያነበው ቋንቋ ቁጭ ብሎ የሚያስረዳው ሰው ይመድቡ።

የመጀመሪያው ቀን

ቀኑ የሚበላሸው በመጀመሪያው ሰዓት ነው። አዲሱ ሰው 2 ሰዓት ላይ ይደርሳል፤ ጥበቃው «ማነህ? ማን ጠራህ?» ይለዋል፤ እንግዳ መቀበያው «ትንሽ ጠብቅ» ይለዋል፤ መጠበቁ እስከ 5 ሰዓት ይዘልቃል። በሦስት ሰዓት ውስጥ የተማረው ነገር ቢኖር እንዳልተፈለገ ነው። ስለዚህ ስሙን ከዋዜማው ለጥበቃው ይስጡ፤ በሩ ላይም እርስዎ ራስዎ ይቀበሉት። ካልቻሉ አለማማጁ፣ ማለትም ሥራውን እንዲያሳየው የተመደበው ነባር ሠራተኛ፣ ይቀበለው።

በሰዎች ፊት ሲያስተዋውቁት ሙሉ ስሙን በትክክል ይጥሩ። ድሬ ውስጥ የኦሮሞ፣ የሶማሌ፣ የአማራ፣ የሐረሪና የሌሎችም ልጆች በአንድ መስመር ላይ ይሠራሉ። ስሙ የከበደዎትን ሰው «እንዴት ብለን እንጥራህ?» ብለው ይጠይቁት እንጂ በራስዎ አያሳጥሩት።

ጉብኝቱ ከ20 ደቂቃ አይለፍ። መጸዳጃ ቤቱን፣ የሚጠጣ ውኃ ያለበትን፣ የድንገተኛ መውጫውን፣ የመጀመሪያ ዕርዳታ ሳጥኑን፣ መመገቢያውንና የጸሎት ቦታውን ያሳዩ። የድርጅቱን ታሪክና የክፍሎቹን ዝርዝር ለሁለተኛው ሳምንት ያቆዩት፤ በዚህ ቀን አንዱንም አይዘውም። ቅጽ መሙላቱም ከአንድ ሰዓት በላይ አይውሰድ፤ የቀረው ነገ ይሞላል።

ከ4 ሰዓት በፊት እውነተኛ ሥራ ላይ ያስገቡት። ትንሽ፣ በዚያው ቀን የሚያልቅ፣ ለሌላ ሰው የሚጠቅም ሥራ ይሁን፤ ሃያ ካርቶን ቆጥሮ በቢን ካርድ (የዕቃው ገቢና ወጪ በሚመዘገብበት ካርድ) ካለው ቁጥር ጋር ማመሳከር፣ አንድ መኝታ ክፍል ከባልደረባ ጋር ማንጠፍ፣ አንድ መደርደሪያ ላይ ዋጋ መለጠፍ። ወደ ቤቱ ሲሄድ «ዛሬ ምን ሠራህ?» ለሚሉት መልስ ይዞ ይግባ። ሻይ አምጪና ተላላኪ አድርጎ ማዋል ግን የከፋ ጥፋት ነው። የተላከበት ነገር ቀላል ሊሆን ይችላል፤ በባልደረቦቹ ዓይን የተሰጠው ደረጃ ግን ለወራት አይለቀውም።

ምሳ ከማን ጋር እንደሚበላ ከጠዋቱ ይወሰን። በአንድ ሳህን ዙሪያ በሚበላበት አገር ለብቻው ጥግ ይዞ የበላ ሰው የቱንም ያህል ቢነገረው «ቤተሰብ ነን» የሚለውን አያምንም። አለማማጁን «ዛሬ አብራችሁ ብሉ» ማለት ይበቃል። ዕለቱ የጾም ቀን ከሆነ ወይም አዲሱ ሰው የማይበላው ነገር ካለ ቀድሞ መጠየቅ ደግ ነው።

ከደጋው ወይም ከመሃል አገር ለመጣ ሰው አንድ ነገር ይንገሩ። ድሬና ሐረር ላይ ታናሹ ታላቁን «አንተ» ሲለው የቅርበት ወግ ነው፤ ንቀት የለበትም። «አቦ» የሚለው ቃልም እንደ አነጋገሩ ፍቅርም ቁጣም ይሆናል። ይህን የማያውቅ ሰው የመጀመሪያውን ሳምንት ተሰደብኩ እያለ ሊያሳልፍ ይችላል።

ከመውጫ ሰዓት አሥር ደቂቃ ቀደም ብለው ጠርተው ይጠይቁት፦ «ዛሬ ያልገባህ ምን ነበር? ነገ በምን እንጀምር?»

አለማማጅ

አለማማጁ ከሁሉ ፈጣኑ ወይም ከሁሉ አንጋፋው ሠራተኛ እንዲሆን አይገደድም። ሃያ ዓመት የሠራ ሰው እጁ ራሱ ስለሚሠራ እርምጃዎቹን በቃል መናገር ይቸግረዋል፤ ለእሱ ግልጽ የሆነው ለሌላው ግልጽ እንዳልሆነ ይረሳል። ከአንድ እስከ ሦስት ዓመት የቆየ፣ ትዕግሥት ያለው፣ ሲጠየቅ የማይስቅ ሰው ይሻላል። የአዲሱን ሰው ቋንቋ ቢያውቅ ደግሞ በእጅጉ ይረዳል።

አንድ አለማማጅ ከሁለት አዲስ ሰው በላይ አይያዝ። ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት የራሱ የምርት ኮታ ይቀነስለት ወይም ተጨማሪ ክፍያ ይታሰብለት። ይህ ካልተደረገ እያንዳንዱ ጥያቄ ከኪሱ ገንዘብ ይወስድበታል፤ አዲሱን ሰው እየሸሸ፣ «ዝም ብለህ እየኝ» ማለት ይጀምራል። አለማማጅ የጠመመበት ቦታ ሲመረመር ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ ይኸው ነው።

ሥራውን ማስተማር

ከሁሉም ክፍል በላይ ጊዜ የሚያስፈልገው ይህ ነው። ሥራውን መቻሉን ያየ ሰው ይነሳሳል፤ መቻሉን የሚያየው ደግሞ በደንብ ከተማረ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የአሜሪካ ፋብሪካዎች ልምድ የሌላቸውን ብዙ ሠራተኞች በአጭር ጊዜ ለማሠልጠን የተጠቀሙበት ባለ አራት ደረጃ ዘዴ ዛሬም የሚሠራው ቀላልና ርካሽ ስለሆነ ነው።

በቅድሚያ አለማማጁ ሥራውን በአንድ ገጽ ወረቀት ላይ በሦስት ረድፍ ይጻፈው፦ ዋና እርምጃ፣ መጠንቀቂያ ነጥብ፣ ምክንያት። ለምሳሌ በመጋዘን ዕቃ መረከብ እንዲህ ይጻፋል።

1. ሰነዱን ከጭነቱ ጋር ማመሳከር። ነጥቡ፦ አንድም ካርቶን ከመውረዱ በፊት። ምክንያቱ፦ ወርዶ ካለቀ በኋላ የሚገኝ ልዩነት በሹፌሩ ሳይሆን በመጋዘኑ ላይ ይቆጠራል።

2. እያወረዱ መቁጠር። ነጥቡ፦ የሚቆጥረው ሰው አይሸከም፤ በየአሥሩ ምልክት ያድርግ። ምክንያቱ፦ እየተሸከመ የሚቆጥር ሰው ቁጥሩ ይጠፋበታል፤ አንድ ጊዜ ከጠፋ ሁሉንም እንደገና መቁጠር ነው።

3. የተቀደደ፣ የረጠበና የተጨፈለቀውን መለየት። ነጥቡ፦ ከመፈረም በፊት ለሹፌሩ ማሳየትና በሰነዱ ላይ መጻፍ።

4. መደርደር። ነጥቡ፦ ከባዱ ከታች፣ ጽሑፉ ወደ ውጭ፣ ከወለሉ ከፍ ባለ ፓሌት ላይ፣ ቀድሞ የገባው ቀድሞ እንዲወጣ ከፊት። ምክንያቱ፦ ከኋላ የተቀበረ ዕቃ የአገልግሎት ጊዜው ሳይታይ ያልፋል።

5. መመዝገብ። ነጥቡ፦ በዚያው ሰዓት በሞዴል 19 (የዕቃ ገቢ ደረሰኝ) ወይም በድርጅቱ የራሱ የገቢ ደረሰኝ፣ ከዚያ በቢን ካርድ። ምክንያቱ፦ «ነገ እጽፋለሁ» የተባለ ዕቃ ለወር መጨረሻ ቆጠራ ጠብ ይተርፋል።

ማስተማሩ እንዲህ ይሄዳል። አንደኛ፣ ሰውየውን ያዘጋጁ፤ ስለዚህ ሥራ ቀድሞ ምን እንደሚያውቅ ይጠይቁ፣ ሥራውን በትክክል ማየት በሚችልበት ጎን ያቁሙት። ፊት ለፊት የቆመ ሰው ግራና ቀኙ ይዞርበታል፤ ስፌት ሲሆን ይህ ስህተት በጣም ይበዛል። ሁለተኛ፣ ሥራውን ሦስት ጊዜ ያሳዩት፤ በመጀመሪያው እርምጃዎቹን ብቻ እየጠሩ፣ በሁለተኛው ነጥቦቹን ጨምረው፣ በሦስተኛው ምክንያቶቹን ጨምረው። ሦስተኛ፣ እሱ ይሥራ። መጀመሪያ ዝም ብሎ ይሥራ፤ ሲሳሳት ወዲያው ያርሙት። ቀጥሎ እርምጃውን፣ ከዚያ ነጥቡን፣ ከዚያ ምክንያቱን እየተናገረ ይሥራ። አራተኛ፣ ብቻውን ይተዉት፤ ሲቸገር የሚጠይቀውን ሰው በስም ይንገሩት፤ በመጀመሪያው ቀን በየሰዓቱ፣ በሁለተኛው ሁለት ሦስት ጊዜ፣ ከዚያ በቀን አንድ ጊዜ ብቅ እያሉ ይዩት።

«ገባህ?» ብለው አይጠይቁ። መልሱ ሁልጊዜ «አዎ» ነው። አዲስ ሰው ይሉኝታ ይይዘዋል፤ ያስተማረውን ሰው አልገባኝም ብሎ ማሳፈር አይፈልግም፣ ደደብ መባልም ይፈራል። «እስቲ አሳየኝ»፣ «ይህን ለምን ከመፈረም በፊት እናደርጋለን?» ይበሉት። ካላወቀው አስተማሪው ይመለስበት፤ የተማሪው ጥፋት ተደርጎ አይቆጠር።

ወረቀቱ ላይ ሥዕል ወይም በስልክ የተነሳ ፎቶ ይጨመርበት። በአማርኛ ብቻ የተጻፈ መመሪያ በአፋን ኦሮሞ ወይም በሶማልኛ ለተማረ ልጅ ግማሹን ያህል ብቻ ይነግረዋል።

ሙቀት

ድሬዳዋ በግንቦትና በሰኔ ቀኑ ከ35 ዲግሪ ሴልሺየስ ያልፋል። ቆርቆሮ ጣሪያ ባለው መጋዘን፣ በዳቦ ምድጃ አጠገብ ወይም በጭነት ሥራ ላይ ያለ አዲስ ሰው ሰውነቱ ገና ሙቀቱን አልለመደም። በተለይ ከደጋ የመጣ ከሆነ በሁለተኛው ቀን ራሱን ያመዋል፣ ያዞረዋል፤ እሱ ደግሞ «ለዚህ ሥራ አልሆንም» ብሎ ይደመድማል። አለቃውም ሰነፍ ነው ይላል። ሁለቱም ተሳስተዋል።

የታወቀው የማላመድ ስሌት ይህ ነው፦ ለሙቀት አዲስ የሆነ ሰው በመጀመሪያው ቀን ከሙሉው የሙቀት ሥራ ጊዜ ከ20 በመቶ በላይ አይሥራ፤ በየቀኑ ከ20 በመቶ ያልበለጠ ይጨመርለት። ሙሉ ጊዜው ስምንት ሰዓት ከሆነ በመጀመሪያው ቀን አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ፣ በሁለተኛው ሦስት ሰዓት ገደማ እያለ በአምስተኛው ቀን ይሞላል። የቀረውን ጊዜ ጥላ ሥር በሚሠራ ሥራ ይዋል፤ ቆጠራ፣ ምዝገባ፣ ሥልጠና።

ውኃ በየ15 እስከ 20 ደቂቃው አንድ ብርጭቆ፣ ማለትም 250 ሚሊ ሊትር ያህል፣ ሳይጠማ ይጠጣ። ውኃው ከሥራው በጣም የራቀ ከሆነ አዲስ ሰው አይጠጣም፤ ቦታውን ለቅቆ ሲሄድ እንዳይታይ ይፈራል። ግራ ተጋብቶ የሚናገር ወይም የወደቀ ሰው ካለ ወዲያው ወደ ጥላ ወስዶ በውኃ ማቀዝቀዝና ሕክምና መጥራት ግዴታ ነው።

ከባዱ ሥራና አዲስ ትምህርት ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ 5 ሰዓት ባለው ጊዜ ይሁን። ከምሳ በኋላ ሙቀቱም፣ በከተማው የተለመደው የከሰዓት የጫት ሰዓትም አእምሮን ይጎትታሉ፤ በ9 ሰዓት የተሰጠ ሥልጠና በማግስቱ ይደገማል። በረመዳን ደግሞ ጾመኛው ውኃ ስለማይጠጣ ከባዱ ሥራ ገና በማለዳ ይለቅለት ወይም ፈረቃ ይቀየርለት።

ኮታው መቼ ይምጣ?

ሥራውን የተማረን ሰው ግልጽና ከፍ ያለ የምርት ግብ ያበረታዋል። ገና ለሚማር ሰው ግን ያው ግብ ጉዳት አለው፤ ትኩረቱን ከአሠራሩ አንስቶ ወደ ቁጥሩ ይወስደዋል። ስፌት ላይ ያለች አዲስ ኦፕሬተር በመጀመሪያው ሳምንት በሰዓት ይህን ያህል ታውጪ ከተባለች የተበላሸውን ከሥር ትደብቃለች፤ ጥፋቱ የሚገኘው መጨረሻ ላይ፣ ጥራት ምርመራ ጋ ሲደርስ ነው። እስከዚያ ድረስ የተሳሳተው እጅ ልማድ ሆኗል።

ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት የመማር ግብ ይስጡ፦ «በዚህ ሳምንት ቦቢን መቀየርና ክር ማስተካከል ያለ ረዳት።» በሦስተኛውና በአራተኛው ሳምንት ጥራት፦ «ከአሥር ሥራ ዘጠኙ ሳይመለስ።» ፍጥነት ከአምስተኛው ሳምንት ጀምሮ፣ ከነባሩ ሠራተኛ ኮታ ግማሽ ተነስቶ በየሳምንቱ ጥቂት እያደገ ይምጣ። ቁጥሮቹን እንደ ሥራው ክብደት ያስተካክሉ፤ ቅደም ተከተሉን ግን አይቀይሩ። እድገቱን ራሱ በትንሽ ወረቀት ላይ ይመዝግብ። ከሌላ ሰው ጋር ሳይሆን ካለፈው ሳምንት ራሱ ጋር ሲወዳደር መሻሻሉ ይታየዋል።

እርማትና ምስጋና

እርማት በዚያው ቀን፣ ለብቻው፣ ስለ ሥራው ብቻ ይሁን። «ሁልጊዜ ትሳሳታለህ» ለማንም አይጠቅምም። «ሦስተኛው ካርቶን ላይ ጽሑፉ ወደ ውስጥ ዞሯል፤ አዙረው፤ ለምን እንደሆነ ታስታውሳለህ?» ይጠቅማል። በሰው ፊት የተዋረደ አዲስ ሰው ሁለተኛ ስህተቱን ይደብቃል፤ ድርጅቱን የሚጎዳውም ያ የተደበቀው ነው።

ምስጋና ደግሞ «ጎበዝ» ብቻ ሲሆን እንደ ሰላምታ ያልፋል። ያደረገውንና ያስገኘውን አንድ ላይ ይንገሩት፦ «የረጠቡትን ካርቶኖች ቀድመህ ስለለየህ ሹፌሩ በሰነዱ ላይ ፈረመልን።» ሥራው ማን ጋ እንደሚደርስ ማሳየትም ከምስጋና ይቆጠራል። የመጋዘኑ ልጅ አንድ ቀን ሱቁ ድረስ ሄዶ እሱ የደረደረው ዕቃ ሲሸጥ ይይ፤ የእንግዳ ክፍል የምታዘጋጀዋ ልጅ እንግዳው የተናገረው ደግ ቃል ይድረሳት።

የመጀመሪያው ደመወዝ

ብዙ አለቆች ይህን ለሒሳብ ክፍል ትተው ያልፉታል። ነገር ግን «6,000 ብር» ተብሎ የተቀጠረ ሰው እጁ ላይ ያነሰ ሲደርሰው የመጀመሪያ ሐሳቡ ተታለልኩ ነው። ስለዚህ ደመወዙ ከመከፈሉ አንድ ሳምንት በፊት አንድ ወረቀት ላይ ጽፈው ያሳዩት፦ ከ6,000 ብር ላይ ለጡረታ 7 በመቶ፣ ማለትም 420 ብር ይቆረጣል፤ ድርጅቱ ደግሞ ከራሱ 11 በመቶ፣ 660 ብር ይጨምርለታል፤ የሥራ ግብሩ በወቅቱ ሠንጠረዥ መሠረት ይህን ያህል ነው፤ እጅህ የሚገባው ይህ ነው። በወሩ አጋማሽ ከተቀጠረም ስንት ቀን እንደሚታሰብለት ይነገረው።

ትርፍ ሰዓትንም አብረው ያስረዱ። ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት የተሠራ ትርፍ ሰዓት በመደበኛው የሰዓት ክፍያ አንድ ተኩል፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት 1.75፣ በሳምንት ዕረፍት ቀን ሁለት፣ በሕዝብ በዓል ቀን ሁለት ተኩል ተባዝቶ ይከፈላል። በመጀመሪያው ወር ግን ትርፍ ሰዓት ባይሰጡት ይመረጣል፤ የደከመ ሰው አይማርም።

የዓመት ፈቃድ ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት 16 የሥራ ቀን ሲሆን የሚወሰደው ዓመቱ ሲሞላ ነው። ይህን ቀድሞ ያልሰማ ልጅ ታኅሣሥ 19 ወይም ሐምሌ 19 ለቁልቢ ገብርኤል ፈቃድ ጠይቆ ሲከለከል ይቀየማል። የበዓላትን የፈረቃ ዝግጅት፣ የጁምዓ ሰዓትን ጨምሮ፣ በመጀመሪያው ሳምንት ይንገሩት።

በሦስተኛውና በአራተኛው ሳምንት የሚመጣው መቀዝቀዝ

አዲስነቱ ያልቃል፤ ሥራው ይደጋገማል፤ እንግዳነቱም ገና አልለቀቀውም። መቀዝቀዙ የሚጠበቅ ነው፤ ችግሩ ምክንያቱን ሳይለዩ መድኃኒት መስጠት ነው። በ6ኛው፣ በ18ኛው፣ በ36ኛውና በ54ኛው የሥራ ቀን 20 ደቂቃ ቁጭ ብለው ያነጋግሩት። ቢሮ ውስጥ ጠረጴዛ ተሻግረው ሳይሆን ጎን ለጎን፣ ሻይ ይዘው ይሁን። እነዚህ ጥያቄዎች ይበቃሉ፦ ከምትሠራው ውስጥ የቱ ቀለለህ? የቱ ላይ ነው አሁንም ሰው የምትጠብቀው? በዚህ ሳምንት ጊዜህን ያባከነብህ ምን ነበር? ሲቸግርህ ማንን ትጠይቃለህ?

ለመጨረሻው ጥያቄ የሰው ስም ካልሰጠዎት ችግሩ ብቸኝነት ነው፤ ለውጡ የሚጀምረው ከአለማማጁ ነው። «ሥራው አልቻልኩትም» ካለ ወደ ባለ ሦስት ረድፉ ወረቀት ይመለሱ። መሥራት እያወቀ መሣሪያ፣ ዕቃ ወይም የሰው ፈቃድ እየጠበቀ የሚውል ከሆነ ጥፋቱ የአለቃው ነው፤ በዚያው ሳምንት ይስተካከል። ሥራውን ችሎ፣ መሣሪያውም ተሟልቶለት ከቀዘቀዘ አብዛኛውን ጊዜ ያየው አድልዎ ወይም ያልተፈጸመ ቃል አለ። ያን ለማውጣት «ስትቀጠር ከጠበቅኸው የተለየብህ ምንድን ነው?» ብሎ መጠየቅና ዝም ብሎ ማዳመጥ ያስፈልጋል። የቤት ኪራይ ወይም የትራንስፖርት ጭንቀት ከሆነ ደግሞ አንዳንዴ ፈረቃ መቀየር ብቻ ያቃልለዋል። ማታ የምትወጣ ሴት ሠራተኛ እስከ ሰፈሯ የሚያደርሳት ሰርቪስ ከሌላት ሌላው ማበረታቻ ሁሉ ከንቱ ነው።

በንግግሩ የገቡትን ቃል ጽፈው ይያዙ። አንድ ትንሽ ነገር፣ ጓንትም ይሁን ወንበር፣ በሁለት ቀን ውስጥ ከተፈጸመ በሚቀጥለው ጊዜ እውነቱን ይነግርዎታል።

የሠራተኞች ዕቁብ ካለ አዲሱን ሰው በመጀመሪያው ወር አያስገድዱት፤ ደመወዙን ገና አልለመደም። ራሱ «እኔም ልግባ» ያለ ቀን ግን ልብ ይበሉ፤ ሊቆይ ወስኗል።

ውሳኔ መስጠት

ከስድስተኛው ሳምንት በኋላ አንድ ነገር በእሱ እጅ ይሁን፤ የመደርደሪያው አቀማመጥ፣ የጽዳቱ ቅደም ተከተል፣ የትኛውን ትእዛዝ ቀድሞ እንደሚያዘጋጅ። የማይነካውን ነገር፣ ለምሳሌ የደኅንነት ደንብንና የሰነድ ፊርማን፣ ለይተው ይንገሩትና በቀረው ይወስን። የወሰነው የእርስዎን ያህል ባያምርም የሚያስከትለው ጉዳት ከሌለ ይተዉት። በሦስተኛው ቀን ሄደው ከቀየሩበት ምንም ባይሰጡት ይሻል ነበር።

ለአዲሱ ሠራተኛ ራሱ

ኪስ ውስጥ የሚገባ ደብተር ይዘህ ግባ። በየቀኑ ሦስት ነገር ጻፍ፦ የተማርኩት፣ ያልገባኝ፣ ነገ የምጠይቀው። ያው ጥያቄ ሁለት ጊዜ እንዳይደገም ደብተሩ ይጠብቅሃል፤ ሰው የሚሰለቸው ጥያቄ ሳይሆን የተደጋገመ ጥያቄ ነው። በመጀመሪያው ወር ስለ ሰዎች ከሚወራው ሐሜት ራቅ። ስህተት ከሠራህ ቀድመህ አንተው ተናገር። ስትጨርስ «ሌላ ምን ልርዳ?» ከማለትህ በፊት የራስህን ቦታ አስተካክል።

50ኛው የሥራ ቀን

ውሳኔውን እስከ 60ኛው ቀን ማታ አያቆዩት። ሙከራው ሊያልቅ ሲል ምንም ያልተነገረው ሰው ሌላ ሥራ ማፈላለግ ይጀምራል፤ የሚያፈላልገውም ጎበዙ ነው። በ50ኛው ቀን ጠርተው ይንገሩት። የሚቀጥል ከሆነ ደብዳቤው በዚያው ሳምንት ይድረሰው፤ ሁለተኛ የሚማረው ሥራ ምን እንደሆነም ይጻፍበት። የሚያጠራጥር ነገር ካለ የትኛው ሥራ፣ በምን መለኪያ፣ በቀሩት አሥር ቀናት መሻሻል እንዳለበት በግልጽ ይነገረው።

የማይቀጥል ከሆነ የሠራበት ክፍያ በሕጉ መሠረት ሥራው በተቋረጠ በሰባት የሥራ ቀናት ውስጥ ይከፈለው፤ የሠራውን ሥራና የቆየበትን ጊዜ የሚገልጽ የምስክር ወረቀትም ይሰጠው። ከመሄዱ በፊት «የመጀመሪያውን ሳምንት ብናስተካክለው ምኑን እናስተካክል?» ብለው ይጠይቁት፤ መልሱንም ባለ ሦስት ረድፉ ወረቀት ጀርባ ላይ ይጻፉት። ለሚቀጥለው ሰው የሚሰጠው ወረቀት ያ ነው።